ሆርሞን ለሚያመነጭ ካንሰር የሆርሞን መርፌ ለምን ይሰጣል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከዘጌ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ የ61 ዓመት ሰው ናቸው። ለሦስት ዓመት ያህል ተቅማጥ አልለቀቃቸውም፤ ፊታቸውንና አንገታቸውንም ድንገት ሙቀት ይወርራቸዋል። በአሜባም፣ በጃርዲያም፣ በጨጓራም ታከሙ። በኋላ ባሕር ዳር በተነሡት አልትራሳውንድ ጉበታቸው ላይ እባጮች ታዩ፤ ናሙና ተወስዶ ‹ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ፣ ደረጃ 1፣ መነሻው ትንሹ አንጀት› የሚል ውጤት መጣ። ሐኪሙ በየ28 ቀኑ የሚወጉት ኦክትሪዮታይድ የሚባል የሆርሞን መርፌ አዘዙላቸው። ካንሰሩ ራሱ ሆርሞን ያመነጫል እየተባለ ሌላ ሆርሞን መስጠት በእሳት ላይ ጭድ መጨመር አይሆንም? ኬሞቴራፒስ ለምን ተተወ? ለዓመታት የዋጡት ኦሜፕራዞል ይሆን ያመጣባቸው? ሙዝና አቮካዶ እንዳይበሉም ተነግሮናል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ላለበት አጎቴስ ይህ መርፌ ይሆነዋል?»

ጠያቂያችን፣ መርፌው እሳቱን አያባብስም፤ ያበርደዋል። (ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የሚባለው ሆርሞን ከሚሠሩ ሕዋሶች የሚነሣ ዕጢ ነው።) ምክንያቱን ዘርዝሬ እነግርዎታለሁ። አስቀድሜ ግን በጥያቄዎ ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ሳላጠራ ባልፍ እበድልዎታለሁ። «ደረጃ 1» ሲባል ቤተሰብ ሁሉ እፎይ ይላል። አማርኛችን ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ቃል ነው የሰጠው። በሽታው ምን ያህል እንደ ተሠራጨም «ደረጃ» እንላለን፤ ሕዋሶቹ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚባዙም «ደረጃ» እንላለን። በናሙናው ወረቀት ላይ የተጻፈው ሁለተኛው ነው። የናሙና መርማሪው ኪ-67 የተባለውን ምልክት ቆጥሮ ከ100 ሕዋሶች ውስጥ በመባዛት ላይ ያሉት ከ3 በታች ሆነው ሲያገኛቸው 1 ብሎ ይጽፋል። ስርጭቱ ግን ጉበት ደርሷል፤ በስርጭት አቆጣጠር ይህ 4ኛው ደረጃ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። በሽታው ርቆ ሄዷል፤ የሚሄደው ግን በዝግታ ነው። በዚህ ዝግታ ምክንያት ከዚህ ዕጢ ጋር ለብዙ ዓመታት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ይህን የምነግርዎት ሊያስደነግጠኝ ይችላል ብለው እንዳይሸሹት ነው። ለሥራ ባልደረቦቼም ደጋግሜ የምለው ነገር አለ፤ «የፍጥነት ደረጃ» እና «የስርጭት ደረጃ» ብለን ለይተን እንናገር። አንዲት ቃል ብንጨምር ቤተሰብን ከከንቱ ተስፋም ከከንቱ ድንጋጤም እናድናለን።

አሁን ወደ ሆርሞኑ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሆርሞን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የወንድና የሴት የዘር ሆርሞን፣ አለዚያም የእንቅርትና የስኳር ሕመም ነው። «ሆርሞን» የሚለው ስም የወጣው ግን በአንጀት ምክንያት ነው። በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት የለንደን ተመራማሪዎች የአንድን ውሻ አንጀት ክፍል ነርቮች ሁሉ ቆራርጠው ውስጡ አሲድ ጨመሩ። ነርቭ የለምና ቆሽት ምንም ሊሰማ አይገባም ነበር። ቆሽቱ ግን ፈሳሹን አፈለቀ። መልእክቱ የሄደው በደም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ስታርሊንግ እንዲህ ያሉ በደም የሚጓዙ መልእክተኞችን ሆርሞን ብሎ ጠራቸው።

ከዚያ ወዲህ የታወቀው የአንጀታችን ግድግዳ በእንደዚህ ዓይነት መልእክተኞች የተሞላ መሆኑ ነው። ጋስትሪን ጨጓራን አሲድ እንዲያመነጭ ያዛል። ግሬሊን ረሃብን ይቀሰቅሳል። ሴሮቶኒን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያፋጥናል፤ በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ሶማቶስታቲን ደግሞ የሁሉም ልጓም ነው፤ ጋስትሪኑንም፣ ሴሮቶኒኑንም፣ የቆሽቱን ፈሳሽም «በቃ» ይላቸዋል። የአባትዎ ዕጢ የተነሣው ሴሮቶኒን ከሚሠሩት ሕዋሶች ነው። ካንሰር ከሆኑም በኋላ የድሮ ሥራቸውን አልረሱም፤ ሴሮቶኒኑን ያለ ልክ እያመረቱ ወደ ደም ይለቅቁታል።

ታዲያ አንጀት ላይ ዕጢ እያለ ለምን ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት አይታይም? ይህን ለተማሪዎች ሳስተምር ሁልጊዜ የማሳየው ጣናን ነው። ግልገል አባይ በክረምት ደፍርሶ፣ አፈር ተሸክሞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ያን ሁሉ ደለል ያስቀረዋል፤ በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ዓባይ የገባውን ያህል ድፍርስ አይደለም። ጉበትም ለአንጀት እንዲሁ ነው። ከአንጀት የሚነሣው ደም ሁሉ ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ ጉበትም ሴሮቶኒኑን ያጣራዋል። ስለዚህ ዕጢው አንጀት ላይ ብቻ እስካለ ድረስ ሆርሞኑ ወደ ሌላው አካል አይደርስም። ዕጢው ጉበት ውስጥ ሲተከል ግን ጭቃውን በሐይቁ መውጫ ላይ እንደ መድፋት ይሆናል፤ ማጣሪያውን አልፎ በቀጥታ ወደ ልብና ወደ መላ ሰውነት ይፈስሳል። ተቅማጡም የፊት ሙቀቱም የሚጀምሩት ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ምልክቱ የጀመራቸው ሰዎች አብዛኞቹ በሽታው ጉበት ደርሶ የሚገኙት።

ሦስት ዓመት በከንቱ እንዳለፈ ይሰማዎት ይሆናል። ስለዚህ ነገር እውነቱን ልናገር፤ እኔም ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድን ሰው ወራት ሙሉ በአሜባ መድኃኒት አመላልሼዋለሁ። ሰገራው ደጋግሞ ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም፤ እኔ ግን ሜትሮኒዳዞሉን ቀይሬ ቲኒዳዞል ጻፍኩለት። ሰውየው ፊቱን እንደሚያቃጥለውም ነግሮኝ ነበር። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብለው ዳማ ከሴ ያሹት ነበር፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አልጠየቅሁትም። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ምልክት «ፊት ይቀላል» ብለው ስለሚጽፉት እኛ ቅላት እንጠብቃለን። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በሽተኛው የሚናገረው ስለ ሙቀት ነው፤ ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ወደ ፊት የሚወጣ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚሄድ ሙቀት። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ ቢጾሙም የማይቆም ውኃማ ተቅማጥ ከእንዲህ ያለ ሙቀት ጋር ሲመጣ የአሜባ መድኃኒት ሦስተኛ ዙር ከመጻፋችን በፊት ጉበቱን በአልትራሳውንድ ማየት ይገባናል።

አሁን መርፌው። ሶማቶስታቲን የታወቀው በ1973 ነው። ያገኙት ተመራማሪዎች ይፈልጉ የነበረው በአንጎል ውስጥ የዕድገት ሆርሞንን የሚቆጣጠር ነገር ነበር፤ ቆየት ብሎ በቆሽትና በአንጀትም ተገኘ፤ እዚያም ሥራው ማቆም ሆኖ ታየ። ችግሩ በደም ውስጥ ሁለትና ሦስት ደቂቃ እንኳ በቅጡ አለመቆየቱ ነው። መድኃኒት ሊሆን የሚችለው እንደ ጠብታ ሌት ተቀን ሲሰጥ ብቻ ነበር። ከዚያ ኬሚስቶች የ14 አሚኖ አሲድ ሰንሰለት የነበረውን ወደ 8 አሳጥረው፣ ዋናውን መያዣ ብቻ አስቀርተው ኦክትሪዮታይድን ሠሩ። እርሱ በደም ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል። በየ28 ቀኑ የሚወጋው ደግሞ ይኸው መድኃኒት ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

እንግዲህ «ሌላ ሆርሞን መጨመር» ያሉት ነገር እውነት ነው፤ የተጨመረው ግን የልጓሙ ሆርሞን ነው። የእነዚህ ዕጢዎች ሕዋሶች በአብዛኛው በቆዳቸው ላይ ሶማቶስታቲንን የሚቀበሉ በሮች አሏቸው፤ በተለይም ሁለተኛው ዓይነት ተቀባይ ይበዛባቸዋል። መድኃኒቱ በዚያ በር ገብቶ ሕዋሱ ሴሮቶኒን መልቀቁን እንዲቀንስ ያደርገዋል። ተቅማጡ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ይረግባል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች መርፌው ምልክት ከማስታገስ አያልፍም ብለው ያምኑ ነበር። በ2009 በጀርመን የተደረገውና 85 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ቀየረው፤ ኦክትሪዮታይድ በተወጉት ዘንድ ዕጢው ማደግ እስኪጀምር ድረስ ያለው አማካይ ጊዜ 14.3 ወር ሲሆን ባዶ መርፌ በተወጉት ዘንድ 6 ወር ነበር። በ2014 ደግሞ ላንሪዮታይድ በተባለው ወንድሙ ላይ የተደረገው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ልብ ይበሉ፤ ዕጢው እየቀለጠ ጠፋ ማለት አይደለም። በሲቲ ስካን እባጮቹ እንዳሉ ቢታዩ መድኃኒቱ ከሸፈ ብለው አይዘኑ። የምንፈልገው ባሉበት እንዲቆዩ ነው።

ኬሞቴራፒ የተተወበት ምክንያትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ኬሞቴራፒ የሚገድለው በመባዛት ላይ ያለን ሕዋስ ነው። የአባትዎ ዕጢ ሕዋሶች ከመቶ ዘጠና ሰባቱና ከዚያ በላይ አይባዙም፤ መርዙ ጤነኛውን ፀጉርና መቅኔ ይጎዳል እንጂ እነርሱን እምብዛም አይነካቸውም። ሐኪሙ ኬሞቴራፒ ያላዘዙት ተስፋ ቆርጠው አይደለም። ወደፊት ዕጢው ፍጥነቱን ቢቀይር ግን ውሳኔውም ይቀየራል።

ይኸው በር ሌላም ጥቅም ሰጥቷል። ሉተሺየም-177 የተባለ ጨረር አመንጪ ነገር ከዚህ ዓይነት ሆርሞን ጋር ተያይዞ በደም ሲሰጥ በቀጥታ ወደ ዕጢው ሄዶ ከውስጥ ያቃጥለዋል። ውጤቱ በ2017 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ በ20ኛው ወር ላይ በሽታው ሳይገፋ የቆየላቸው ሰዎች ይህን ሕክምና ካገኙት ውስጥ 65.2 በመቶ ሲሆኑ መጠኑ የተጨመረ ኦክትሪዮታይድ ብቻ ካገኙት ውስጥ 10.8 በመቶ ነበሩ። መርፌው ብቻውን መያዝ ካቃተው ሐኪምዎን ስለዚህ ሕክምና መጠየቅ ይችላሉ፤ ወጪውና ጉዞው ከባድ መሆኑን ግን አስቀድመው ይወቁ።

ስለ መርፌው አያያዝ ጥቂት ልጨምር፤ ገንዘብዎ እንዳይባክን። ኦክትሪዮታይድ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው አጭሩ ነው፤ በጣና ዳር ቢልሃርዝያ ጉበታቸውን አጠንክሮባቸው የጉሮሮ ደም ሥር ሲፈነዳባቸውና ደም ሲያስመልሳቸው በሌሊት የምንሰቅልላቸው መድኃኒት እርሱ ነው። ሁለተኛው በየ28 ቀኑ በመቀመጫ ጡንቻ የሚወጋው የረጅም ጊዜው ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ በመድኃኒት ቤት ይምታታሉ። ሲገዙ «የወር» መሆኑን ያረጋግጡ። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡት ከሆነ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በበረዶ ሳጥን ይምጣ፤ ጠርሙሱ ግን በረዶውን አይንካ፤ ከቀዘቀዘ አልፎ በረዶ ከሠራ ተበላሸ ማለት ነው። ከመወጋቱ በፊት ከማቀዝቀዣ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ማግኘት አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ወዲያው መወጋት አለበት። ተበጥብጦ ነርስ እስክትመጣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መርፌ አይወጋም። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ለውጥ ባይታይ አይደንግጡ፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ልኩን እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ሐኪሙ አጭሩን በቆዳ ሥር ሊያዙ ይችላሉ።

ልጓሙ የቆሽትንም ፈሳሽ ስለሚይዝ አንዳንድ ሰው ሰገራው ቅባታም፣ ሽታው ከባድ፣ በውኃ የማይሄድ ይሆንበታል። ይህን ሲያዩ «በሽታው ተመለሰ» ብለው መርፌውን እንዳያቆሙ፤ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የቆሽት ኢንዛይም በእንክብል ይሰጣል። የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል፤ የደም ስኳርንም ሊያዛባ ይችላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይታያሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ፤ የልብ አልትራሳውንድ ያስነሷቸው። ብዙ ሴሮቶኒን ለዓመታት የፈሰሰበት ቀኝ የልብ ክፍል በሮቹ ይደድራሉ፤ ሳንባ ሴሮቶኒኑን ስለሚያፈርሰው ግራው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እግር ሲያብጥና ሆድ ውኃ ሲይዝ «ጉበቱ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ልቡ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አደራ፦ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና፣ ማደንዘዣ፣ ጥርስ መንቀልም ቢሆን ከመደረጉ በፊት ስለ ዕጢው ለባለሙያው ይንገሩ። ዕጢው ሲነካ ወይም ሰውነት ሲደነግጥ ሆርሞኑን በአንድ ጊዜ ሊለቀውና የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ አስቀድሞ ኦክትሪዮታይድ በመስጠት እንከላከለዋለን።

በምግብ በኩል ያለው ስጋት ሰው ከሚያስበው ተቃራኒ ነው። ሴሮቶኒን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከሚባል ከፕሮቲን ከምናገኘው ነገር ነው። በጤነኛ ሰው ከትሪፕቶፋኑ መቶኛው እጅ ያህል ብቻ ለሴሮቶኒን ይውላል፤ በእንዲህ ያለ ዕጢ ግን ከግማሽ በላዩ ሊሄድ ይችላል። ሰውነት ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን የሚሠራበት ያጣል። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ይጠቁራል፣ ይሻክራል፤ ምላስ ይቆስላል። ስለዚህ አባትዎ በደንብ ይመገቡ፤ ቆሮሶ ዓሣው፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ እንቁላሉ ሁሉ ይስማማቸዋል። ኒያሲንም በእንክብል ይጠይቁላቸው። በጾም ወራት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለበሽተኛ የሚሆነውን እርሳቸው ያውቃሉ። አረቄው ግን ይቅር፤ ሙቀቱን በደቂቃ ውስጥ ይቀሰቅሰዋል። በርበሬ የበዛበት ወጥና አንድ ጊዜ የሚበላ ብዙ ምግብም እንዲሁ፤ ከፋፍለው ይብሉ።

ኦሜፕራዞልን በተመለከተ፣ ዕጢውን አላመጣባቸውም። ጥርጣሬው ከየት እንደ መጣ ግን አውቃለሁ፤ መሠረትም አለው። ኦሜፕራዞል አሲድን ሲያጠፋ ጨጓራ «አሲድ ጎደለኝ» ብሎ ጋስትሪን ያበዛል። ጋስትሪን አሲድ ከማስመንጨት ሌላ የጨጓራን ሕዋሶች የሚያሳድግ ሆርሞን ነው። በ1980ዎቹ መድኃኒቱን ዕድሜ ልካቸውን በብዛት የተሰጣቸው አይጦች ጨጓራቸው ላይ ትናንሽ ዕጢዎች አወጡ። በሰው ላይ ሕዋሶቹ ትንሽ መብዛታቸው ይታያል፤ ወደ ዕጢ መለወጣቸው ግን እጅግ ብርቅ ነው። እርሱም ቢሆን በጨጓራ ላይ ነው፤ የአባትዎ ዕጢ የተነሣው ከትንሹ አንጀት፣ ከሌላ ዓይነት ሕዋስ ነው። ጋስትሪን ዕጢ እንደሚያሳድግ ግን ሌላ ማስረጃ አለ። ለረጅም ዘመን የቆሰለና የሳሳ፣ አሲድ ማመንጨት ያቆመ ጨጓራ ያላቸው ሰዎች ጋስትሪናቸው ከፍ ብሎ በጨጓራቸው ላይ ትናንሽ ዕጢዎች ይወጣሉ፤ ጋስትሪን የሚያመነጨው የታችኛው የጨጓራ ክፍል በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ዕጢዎቹ ብዙ ጊዜ ከስመው ይጠፋሉ። ሆርሞኑ ሲቋረጥ ዕጢውም ይከስማል። ይህን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ የአንጀት ሆርሞንን የምግብ መፍጫ ረዳት ብቻ አድርጌ ማሰብ ትቻለሁ።

ይህ ማለት ኦሜፕራዞል ለዓመታት ያለ ምርመራ ይዋጥ ማለት አይደለም። በከተማችን ሰው ጨጓራውን ባቃጠለው ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ይገዛዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በአገራችን በብዛት የሚገኝ ባክቴሪያ ነው፤ እርሱን መርምሮ ማጥፋት ለጨጓራ ከማንኛውም ማስታገሻ ይበልጣል። ለአባትዎ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ክሮሞግራኒን ኤ የተባለው የደም ምርመራ ኦሜፕራዞል በሚወስድ ሰው ላይ በሐሰት ከፍ ይላል፤ «ዕጢው አደገ» ተብሎ ቤተሰብ ያለቅሳል። ከምርመራው በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ማቆም ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ለአጎትዎ መርፌው አይሆናቸውም። የተለመደው የትልቁ አንጀት ካንሰር የሚነሣው ሆርሞን ከማይሠሩ የውስጥ ሽፋን ሕዋሶች ነው። ኦክትሪዮታይድ በአንጀት፣ በቆሽትና በጉበት ካንሰር ላይ ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ የጉበቱ መጀመሪያ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በትልልቅ ጥናቶች ሲፈተን ግን አልሠራም። ጋስትሪንን የሚያግድ ክትባትና እንክብልም በጨጓራና በቆሽት ካንሰር ላይ ተሞክሮ እስካሁን ወደ መደበኛ ሕክምና አልገባም። የአጎትዎ ሕክምና ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ነው፤ ቀጠሯቸውን በሌላ ሰው መርፌ ተስፋ እንዳያሳልፉ ይንገሩልኝ። የምግብ ፍላጎታቸው ከጠፋ ግን ስለ ግሬሊን ልንገርዎት፤ ይህ የረሃብ ሆርሞን በ1999 በጃፓን ተገኘ፤ እርሱን የሚመስል አናሞሬሊን የተባለ እንክብል በ2021 እዚያው ጃፓን በካንሰር ምክንያት ለሚከሱ ሰዎች ተፈቅዷል፤ ከተፈቀደላቸውም አንዱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ካንሰሩን አያክምም፤ ሰውየው ግን ምግብ እንዲያምረው ይረዳዋል።

የቀረው ሙዙ ነው። ሴሮቶኒን በሙዝ፣ በአቮካዶ፣ በአናናስና በቲማቲም ውስጥ አለ። ተበልቶ ግን ዕጢውን አይመግበውም፤ የአንጀት ግድግዳና ጉበት ያፈርሱታል። ክልከላው የመጣው ከአንድ ምርመራ ነው። የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ የሴሮቶኒን ዝቃጭ ሲለካ እነዚህ ምግቦች ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ከምርመራው ሦስት ቀን በፊት እስከ ማጠራቀሚያው ቀን ማብቂያ አይበሉም። ያን የተናገረው ባለሙያ «ለሦስት ቀን» ማለቱ ይመስለኛል፤ በቤትዎ ግን ለዘለዓለም ሆነ። አባትዎ ከስተዋል፤ አቮካዶ ሥጋቸውን ይመልስላቸዋል፤ ሙዝም ለተቅማጥ ጥሩ ነው፤ የሚጎድላቸውን ፖታሲየም ይተካላቸዋል። የሚቀጥለው የሽንት ምርመራ መቼ እንደ ሆነ ከሐኪሙ ይጠይቁና ከእርሱ በፊት ያሉትን ሦስት ቀኖችና የማጠራቀሚያውን ቀን ግድግዳ ላይ ይጻፏቸው። በሌላው ቀን ሁሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ፣ ሙዙን ይስጧቸው።